ከጎጃም ሆኖ የውጭ ጉዞ ክፍያ መክፈል፦ የትኛው ካርድ ምን ይቆርጣል?

ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ልጅ ሴቪስ የሚባለውን የምዝገባ ክፍያ ይከፍላል፤ 350 ዶላር ነው። ገጹ 350 ይላል፣ ደረሰኙም 350 ይላል፤ ከካርዱ የወጣው ግን 360 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ኤምባሲው አልወሰደውም፣ ዩኒቨርሲቲውም አልወሰደውም። የወሰደው ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው፤ ካርዱ የወጣበት አገርና ገንዘቡን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ያለበት አገር ስለተለያየ።

ልጁን ለመላክ እቁቡን አስቀድሞ ለወሰደ ወይም በሬ ለሸጠ የሞጣና የቢቸና ቤተሰብ አሥር ዶላር ትንሽ አይደለም። የብር ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ከብዷል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ ከዚያ በኋላም ጨመረ። ዛሬ እያንዳንዱ ሳይታሰብ የተቆረጠ ዶላር በብር ሲታሰብ ድሮ ከነበረው ከእጥፍ በላይ ያስወጣል።

ከዚህ በታች የማንንም ባንክ ስም አላወድስም። የማነጻጽረው አምስት መንገዶችን ነው፦ በአገር ውስጥ ባንክ የሚሞላ ቅድመ ክፍያ ካርድ፣ ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ዴቢት ካርድ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ክሬዲት ካርድ (ባንኩ አበድሮ የሚከፍልበት ካርድ)፣ በኤጀንት ማስከፈል፣ እና የሚቻለውን ሁሉ በብር መክፈል። አንድ ካርድ በራሱ ርካሽ ወይም ውድ አይባልም። ለአሜሪካ ክፍያ አንዲት ሳንቲም የማይጨምረው ካርድ ለእንግሊዝ ክፍያ 3 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ "የማን ካርድ እናግኝ?" ከማለት በፊት "ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? የት አገር ነው ያለው?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሳይታሰብ የሚቆረጠው ከየት ይመጣል?

መነሻዎቹን ሳያውቁ አማራጮቹን ማነጻጸር ስለማይቻል እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንደኛው የውጭ ግብይት ክፍያ ነው። ተቀባዩ ከካርዱ አገር ውጭ ሲሆን ካርዱን ያወጣው ባንክ የሚጨምረው መቶኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚወጡ ብዙ ክሬዲት ካርዶች ላይ እስከ 3 በመቶ ይደርሳል፤ ለተጓዦች ተብለው ከተዘጋጁት መካከል ጭራሽ የማያስከፍሉም አሉ። ብዙ ሰው "ዋጋው በዶላር ነው፣ ካርዱም የዶላር ነው፣ ምን ይጨምራል?" ይላል። ነገር ግን ምንዛሪ ባይኖርም የተቀባዩ ባንክ ሌላ አገር ከሆነ ይህ ክፍያ ሊታሰብ ይችላል። በዶላር የተጻፈ ዋጋ የአሜሪካ ክፍያ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው በክፍያው ቦታ ላይ የሚደረግ ምንዛሪ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ይመስለኛል። የሆቴሉ የካርድ መክፈያ (ፖስ) ማሽን ወይም የትኬት ገጹ "በድርሃም ልቁረጥ ወይስ በአገርህ ገንዘብ?" ብሎ ይጠይቃል። የራስን ገንዘብ ማየት ስለሚያረጋጋ ብዙ ሰው በብር ወይም በዶላር የሚለውን ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ምንዛሪውን የሚሠራው ነጋዴውና የማሽኑ ድርጅት ነው፤ በተመኑ ላይም የራሳቸውን ትርፍ ይጨምራሉ። የዱባይን ምሳሌ እንውሰድ። የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ስለዚህ 1,000 ድርሃም 272 ዶላር ከ29 ሳንቲም ይሆናል። ማሽኑ 288 ዶላር ካሳየ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ ተጨምሯል ማለት ነው። የሳዑዲ ሪያልም በ3.75 የታሰረ ስለሆነ በስልክ ካልኩሌተር ወዲያው ማረጋገጥ ይቻላል። ከኢትዮጵያ የወጣ የዶላር ካርድ ይዞ "በብር" የሚለውን መምረጥ ከዚህም ይብሳል፤ ድርሃሙ መጀመሪያ ወደ ብር፣ ብሩ ተመልሶ ወደ ዶላር ይመነዘራል። በሁለቱም ጊዜ ይቆረጣል። ምንጊዜም ያሉበትን አገር ገንዘብ ይምረጡ።

ይህ ምርጫ የካርዱ ባለቤት መብት ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ነጋዴው ሳይጠይቅ መመንዘር አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በተጨማሪ የሚወሰደው መቶኛ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር ተነጻጽሮ ከመክፈል በፊት መታየት አለበት። ሳይጠየቁ ከተመነዘረ ደረሰኙ ላይ ከመፈረም በፊት "ይሰረዝልኝና በአገሩ ገንዘብ ይቆረጥ" ማለት ይችላሉ።

ሦስተኛው እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጠር ክፍያ ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ማውጣት፣ የውጭ ምንዛሪ መግዛት፣ በገንዘብ አስተላላፊ በኩል መላክ ባንኩ ዘንድ ግዢ አይባልም፤ ጥሬ ገንዘብ መበደር ይባላል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆረጣል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። በግዢ ላይ ያለው ወለድ የማይታሰብበት የእፎይታ ጊዜ እዚህ አይሠራም። የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች ዓመታዊ ወለድ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ዘመድዎን "ከካርድህ አውጥተህ ላክልኝ" ከማለት "ክፍያውን አንተው በካርድህ ፈጽምልኝ" ማለት በብዙ ይሻላል።

አራተኛው ተይዞ የሚቆይ ገንዘብ ነው። ሆቴልና የመኪና ኪራይ ለመያዣ ብለው ከዋጋው በላይ ይይዛሉ። በክሬዲት ካርድ ላይ የሚያዘው ከመበደሪያ ጣሪያው ነው፤ በቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ ግን የራስዎ ገንዘብ ነው። 500 ዶላር ጭኖ የሄደ ሰው 200ው ከተያዘበት ለቀናት ሊጠቀምበት የሚችለው 300 ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ የቀን ልዩነት አለ። ባንኩ ብዙ ጊዜ የሚመነዝረው ክፍያው በተጫነበት ሰዓት ሳይሆን በሒሳቡ ላይ በሚመዘገብበት ቀን ነው፤ በመካከሉ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያልፋል።

የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣም አለው። ካርዱ ሲቆረጥ በስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል፤ ገጹ የሚጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መልእክት የሚዘገይበት፣ መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ዛሬም አለ። ቁጥሩ ዘግይቶ ሲመጣ ገጹ ይዘጋል፣ ሰው "አልተከፈለም" ብሎ እንደገና ይጫናል፣ ከዚያ ሁለቱም ይቆረጣሉ። መጀመሪያ ኢሜይል ማየት፣ ቀጥሎ የካርዱን ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መድገም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን በአምስት ጥያቄ እመዝናለሁ። አንደኛ፣ ከዋናው ዋጋ በላይ ምን ይጨምራል? ሁለተኛ፣ ጭማሪው ከመጫን በፊት ይታወቃል? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ቢመለስ ወደ ማን እጅ ይመለሳል? አራተኛ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚደርሰው ለማን ነው? አምስተኛ፣ አዲስ አበባ ሳይመላለሱ ከባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከእንጅባራ ሊጨርሱት ይቻላል?

ሰው አብዝቶ የሚያየው አንደኛውን ነው። እኔ ሦስተኛውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱን የእንግሊዝ የጤና መዋጮ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

በአገር ውስጥ ባንክ የሚሞላ ቅድመ ክፍያ ካርድ

ባንኩ በሚሸጥበት ተመን ብር ከፍለው ዶላር ያስጭናሉ፤ የተጫነው እስኪያልቅ ይሠራል። ዕዳ የለውም፣ ወለድ የለውም፣ ካርዱ ቢሰረቅ የሚጠፋው የተጫነው ብቻ ነው። ቁጥሩ ለእርስዎ ስልክ ይመጣል፣ ተመላሽም ወደ እርስዎ ካርድ ይመጣል። ለብዙ ተጓዥ ጥሩ መነሻ ነው።

ዋናው ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ባንኮች ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርት፣ የተመታ ቪዛና ትኬት ይጠይቃሉ። የቪዛ ማመልከቻው ግን የሚከፈለው ቪዛው ከመገኘቱ በፊት ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉ ላይ "ዓለም አቀፍ ካርድ አላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። "ለቪዛ ማመልከቻ ክፍያ፣ ቪዛው ገና ሳይመታ ካርድ ትሰጡኛላችሁ? ምን ማስረጃ ላምጣ?" ብለው ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ ወይም የማመልከቻው የክፍያ ገጽ ታትሞ ሲቀርብ መልሱ ሊለይ ይችላል። የደብረ ማርቆሱ ቅርንጫፍ አይቻልም ቢል ዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ይጠየቅ፤ ለአንድ ጥያቄ ሲባል ዓባይን መሻገር አያስፈልግም።

ካርዱን ከመውሰድዎ በፊት የሚጠየቁት ክፍያዎች እነዚህ ናቸው፦ የካርድ ማውጫ፣ የመሙያ፣ የኤቲኤም ማውጫ፣ ቀሪ ሒሳብ ማያ፣ ክፍያ ሳይሳካ ሲቀር የሚቆረጥ፣ ካርዱ ሳይሠራ ሲቆይ የሚቆረጥ፣ ከዶላር ውጭ ባለ ገንዘብ ሲከፈል የሚጨመር መቶኛ። በጽሑፍ ወይም በታሪፍ ሰሌዳ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ነውር የለውም፣ መብትዎ ነው። ደግሞም ሳይሠራበት የቀረው ዶላር ወደ ብር ሲመለስ የሚታሰበው ባንኩ ዶላር በሚገዛበት ዝቅ ባለው ተመን ስለሆነ፣ አብዝቶ መጫን ራሱ ኪሳራ አለው።

ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ዴቢት ካርድ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ ደመወዝና ኪራይ የሚያገኙ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተው ለአገልግሎት ክፍያ እንዲጠቀሙበት በር ከፍቷል። ብዙ የጎጃም ቤተሰብ ይህን አያውቅም። ልጅ ወይም እህት ውጭ ያለቻቸው እናት የሚላክላቸውን ዶላር ወደ ብር አስለውጠው፣ ኋላ ለቪዛ ክፍያ ዶላር ፍለጋ ሲንከራተቱ ማየት ያሳዝነኛል። መጀመሪያውኑ ዶላሩ እንደ ዶላር ቢቀመጥ የመግዣና የመሸጫ ተመን ልዩነት አያገኛቸውም ነበር።

ድክመቱ ጊዜ መፈለጉ ነው። ሒሳቡን መክፈት፣ ገንዘቡ እስኪገባ መጠበቅ፣ ካርዱ ታትሞ ቅርንጫፍ እስኪደርስ መጠበቅ አለ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ለሆነ ሰው አይሆንም። በየዓመቱ ለሚጓዝ ነጋዴ ወይም ለመጪው ዓመት ትምህርት ከአሁኑ ለሚዘጋጅ ተመራቂ ግን ከሁሉም የተረጋጋው መንገድ ይኸው ነው።

የዘመድ ክሬዲት ካርድ

አገራችን ክሬዲት ካርድ የተለመደ ስላልሆነ "በክሬዲት ካርድ ክፈሉ" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውጭ ያለውን ዘመድ ነው። ማመልከቻው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ በዘመድ ካርድ መክፈል በብዙ ቦታ የተፈቀደ ነው፤ የሴቪስም የካናዳ ኢሚግሬሽንም ክፍያ እንዲሁ ይከፈላል። በሴቪስ ቅጽ ላይ በትክክል መሞላት ያለበት የተማሪው ስም ነው፤ የካርዱ ስም የተለየ ቢሆን ችግር የለም።

ዋናው ነገር የአገር መግጠም ነው። አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ሴቪስን ሲከፍል ካርዱም ተቀባዩም አሜሪካ ስለሆኑ የውጭ ግብይት ክፍያ አይኖርም። ያው ሰው በዚያው ካርድ የካናዳን የጎብኚ ቪዛና አሻራ፣ 100 እና 85 በድምሩ 185 የካናዳ ዶላር ቢከፍል እና ካርዱ 3 በመቶ የሚያስከፍል ቢሆን 5 የካናዳ ዶላር ከ55 ሳንቲም ይጨመራል። ለእንግሊዝ ሲሆን ገንዘቡ ይገዝፋል። ከቪዛ ማመልከቻው ጋር የሚከፈለው የተማሪ የጤና መዋጮ ለአንድ ዓመት 776 ፓውንድ ነው፤ ለአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት የሚሰጠው ፈቃድ ከዓመት ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ተኩል፣ ማለትም 1,164 ፓውንድ ይታሰባል። 3 በመቶው 35 ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለንደን ወይም ማንችስተር ያለ ዘመድ ከተገኘ አሜሪካ ያለውን ከማስቸገር እሱን መጠየቅ ይሻላል።

ከመክፈል በፊት ለዘመድ የሚላከው መልእክት አጭርና ግልጽ ይሁን። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የምንከፍለው ለካናዳ ኢሚግሬሽን ነው፣ 185 የካናዳ ዶላር። ካርድዎ የውጭ ግብይት ክፍያ አለው? ካለው ስንት በመቶ ነው? የሌለው ሌላ ካርድ ካለዎት በእሱ ይሁንልኝ። ሊንኩን ልላክልዎትና እርስዎው ቢጫኑት ይሻላል፤ የካርድ ቁጥሩን በስልክ ባይልኩልኝ።"

የመጨረሻው ነጥብ ብርቱ ነው። የካርድ ቁጥር፣ ጀርባው ላይ ያለችው ሦስት አኃዝና የማረጋገጫ ቁጥሩ በቴሌግራም መላላክ የለባቸውም። ዘመድ ራሱ ገጹን ከፍቶ ቢከፍል ቁጥሩም ለእሱ ስልክ ይደርሳል፣ የኛ ኔትወርክ ቢጠፋም ክፍያው አይቋረጥም። ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንዳንድ አየር መንገዶች ትኬት የተገዛበትን ካርድ መሳፈሪያ ላይ ይጠይቃሉ፤ ትኬት በዘመድ ካርድ ሲገዛ የአየር መንገዱን ደንብ ማንበብና የካርድ ማረጋገጫ የሚፈለግ ከሆነም አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ሌላው፣ ዘመድ እዚያ ዶላር ከፍሎ እዚህ ብር ለሌላ ሰው የሚሰጥበት መንገድ ከባንክ ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ስለሆነ ሕግ ይከለክለዋል። የቤተሰብ እገዛ እገዛ ሆኖ ይቆይ።

በኤጀንት ማስከፈል

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅጽ የሚሞሉ፣ ቀጠሮ የሚይዙና በራሳቸው ካርድ የሚከፍሉ ቢሮዎች አሉ። በቅንነት የሚሠሩ አሉ፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ፣ ኢሜይል ለሌለው ገበሬ የሚሰጡት አገልግሎት ዋጋ አለው። ችግሩ ዋጋው አንድ ላይ ተጠቅልሎ መነገሩ ነው። "ሁሉ ነገር ይህን ያህል ብር" ሲባል ስንቱ የመንግሥት ክፍያ፣ ስንቱ የምንዛሪ ልዩነት፣ ስንቱ የድካም ዋጋ እንደሆነ አይታይም። የሚያስከፍሉበት ተመን ከባንክ በላይ ከሆነ ልዩነቱን ይጠይቁ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ተመላሹ ነው። የእንግሊዝ ቪዛ ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም፤ የጤና መዋጮው ግን ይመለሳል፣ የሚመለሰውም ወደ ተከፈለበት ካርድ ነው። ካርዱ የኤጀንቱ ከሆነ 1,164 ፓውንድ የሚገባው ለኤጀንቱ ነው። ቪዛ ተከልክሎ ያዘነ ቤተሰብ ይህ ገንዘብ መመለሱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በኤጀንት ከከፈሉ "ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ ቢኖር ለአመልካቹ ይሰጣል" የሚል የተፈረመ ወረቀት ይያዙ፤ ወይም ቅጹን ኤጀንቱ ይሙላ፣ ክፍያውን ግን በራስዎ ወይም በዘመድ ካርድ ይፈጽሙ። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ።

ማመልከቻው የተከፈተበት ኢሜይልም የእርስዎ ይሁን። ደረሰኙ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የአሜሪካ ጎብኚና ተማሪ ቪዛ የማመልከቻ ክፍያ 185 ዶላር ነው፤ አይመለስም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮም በ365 ቀን ውስጥ መያዝ አለበት። የደረሰኙን ቁጥር ኤጀንቱ ብቻ ይዞት ከጠፋ ሌላ 185 ዶላር መክፈል ሊመጣ ነው።

በቴሌግራም "ቨርቹዋል ካርድ (በእጅ የማይያዝ፣ በቁጥር ብቻ ያለ ካርድ) እንሸጣለን" የሚሉትን ከዚህ ንጽጽር አውጥቻቸዋለሁ። ካርዱ በማን ስም እንደወጣ የማይታወቅበት፣ ተመላሽ ቢመጣ የሚገባበት የማይታወቅ መንገድ ለቪዛ ክፍያ አይሆንም።

የሚቻለውን በብር መክፈል

ለትኬት ብዙ ጊዜ የተሻለው ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ትኬት በብር መግዛት ይቻላል፤ ባሕር ዳር ላይ ቢሮ አለው፣ በሞባይል መክፈያዎችም ይከፈላል። የውጭ ግብይት ክፍያ የለም፣ የምንዛሪ ግርታ የለም። ከውጭ ገጽ ትኬት የሚገዛ ሰው ርካሽ ያገኘ መስሎት የሻንጣ፣ የመቀመጫና የካርድ ጭማሪ ሲደመር ዋጋው ሊበልጥበት ይችላል፤ የመጨረሻውን ድምር ከመጨረሻው ድምር ጋር ያነጻጽሩ። የቪዛ ክፍያን በተመለከተ ኤምባሲው ወይም የቪዛ ማዕከሉ በአገር ውስጥ የሚቀበለው መንገድ ካለ በራሱ ገጽ ላይ ይገልጸዋል፤ ካርድ ከመፈለግ በፊት እሱን ማየት ይቀድማል።

የቪዛ ማዕከል ላይ ከዋናው ክፍያ ጎን የሚቀርቡ ተጨማሪዎች አሉ። ለሸንገን ቪዛ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። የጽሑፍ መልእክት፣ ልዩ መቀመጫ፣ ፎቶ፣ ፓስፖርት ማድረሻ ግን በፈቃድ የሚገዙ ናቸው፤ "አልፈልግም" ማለት በውሳኔው ላይ ምንም አያመጣም። ፓስፖርት ማድረሻውን ግን ከሌሎቹ ለይቼ አየዋለሁ። እስከ ከተማዎ የሚያደርስ ከሆነ፣ ከዳንግላ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ሊረክስ ይችላል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከዋጋው በላይ የሚጨመር | አስቀድሞ ይታወቃል? | ተመላሽ ለማን? | የማረጋገጫ ቁጥር | ከጎጃም ሆኖ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቅድመ ክፍያ ካርድ | የማውጫና የመሙያ ክፍያ፣ ከዶላር ውጭ መቶኛ | ታሪፉን ከጠየቁ አዎ | ለእርስዎ | ለእርስዎ ስልክ | ይቻላል፤ ቪዛ ከመመታቱ በፊት ሊያስቸግር ይችላል |
| የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ዴቢት | የካርድ ክፍያ፣ መቶኛ ሊኖር ይችላል | አዎ | ለእርስዎ | ለእርስዎ ስልክ | ይቻላል፤ ጊዜ ይፈልጋል |
| የዘመድ ክሬዲት ካርድ | አገሩ ከገጠመ ምንም፣ ካልገጠመ እስከ 3 በመቶ | ዘመድ ካርዱን ካጣራ አዎ | ለዘመድ | ለዘመድ ስልክ | በጣም ይመቻል |
| ኤጀንት | የተመን ልዩነት፣ የአገልግሎት ዋጋ | አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም | ለኤጀንቱ | ለኤጀንቱ | ይመቻል፤ ሥጋቱ ከፍተኛ ነው |
| በብር መክፈል | የለም ወይም ጥቂት | አዎ | ለእርስዎ | ለእርስዎ ስልክ | ለትኬት ይመቻል፤ ለሁሉም ክፍያ አይሆንም |

ለማን የቱ ይስማማል?

*ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ።* ሴቪስ 350 እና የቪዛ ማመልከቻ 185፣ በድምሩ 535 ዶላር። ሴቪሱን አሜሪካ ያለ ዘመድ በካርዱ ይክፈል። ካናዳ ያለ ዘመድ ብቻ ካለና ካርዱ 2.5 በመቶ የሚጨምር ከሆነ በ350ው ላይ 9 ዶላር ያህል ይመጣል፤ ቅድመ ክፍያ ካርድ ከማውጣት ወጪ ጋር አነጻጽሮ መወሰን ነው። የሴቪስ መክፈያ ገጽ መጨረሻው "ዶት ጎቭ" ስላልሆነ የሚጠራጠር ብዙ ነው፤ በአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ገጽ በኩል ቢገቡ ወደ ትክክለኛው ይወስድዎታል። ቪዛው ቢከለከልና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ለዚያው የቪዛ ዓይነት እንደገና ቢያመለክቱ ሴቪሱን ዳግም መክፈል አያስፈልግም፤ ደረሰኙን አይጣሉ።

*ወደ እንግሊዝ ለሚሄድ ተማሪ።* የገንዘቡ መጠን ትልቅ ስለሆነና የጤና መዋጮው ሊመለስ ስለሚችል፣ ከኤጀንት ካርድ ይራቁ። እንግሊዝ ያለ ዘመድ አንደኛ፣ የራስ ካርድ ሁለተኛ። በቅድመ ክፍያ ካርድ ከሆነ ከዋጋው ጥቂት አልፎ ይጫን፤ ክፍያውን የሚቀበለው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት የምንዛሪ ተመን ከገበያው ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ልክ በልክ የተጫነ ካርድ በመጨረሻዋ ሰዓት "በቂ ገንዘብ የለም" ሊል ይችላል።

*ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ካናዳ ለሚሄዱ ወላጆች።* ልጅየው ወይም ልጅቷ እዚያው በካናዳ ካርድ ይክፈሉ፤ ጭማሪ የለም፣ ቁጥሩም እዚያ ይደርሳል። አባትና እናት አብረው የሚያመለክቱ ከሆነ ማመልከቻው እንደ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ይግባ። የቤተሰብ የአሻራ ክፍያ ጣሪያው 170 የካናዳ ዶላር ነው፤ ከሁለት በላይ ለሆኑ ለየብቻ መክፈል ውድ ነው።

*ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ።* የውጭ ምንዛሪ ሒሳብና ዴቢት ካርድ፣ ከጎኑ በሕግ የተፈቀደው መጠን ጥሬ ዶላር። ትኬት በብር። ሆቴሉ ክፍያውን በድርሃም እንዲቆርጥ መግቢያ ላይ ይንገሩ፣ ለመያዣ ምን ያህል እንደሚይዝም ይጠይቁ፤ መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ከተቀበለ ካርድዎ ነፃ ይሆናል። በገጹ ላይ ከተከፈለው ሌላ ለቱሪዝም የሚከፈል ድርሃም አለ፤ እንደ ሆቴሉ ደረጃ በክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው። ለአሥር አዳር በ10 ድርሃም ቢታሰብ 100 ድርሃም፣ 27 ዶላር ያህል ይሆናል። ይህ ስሕተት አይደለምና ሲጠየቁ አይደንግጡ፣ ብቻ አስቀድመው ይያዙት።

*ውጭ ዘመድ ለሌለው፣ አቅሙም ለተወሰነ።* መጀመሪያ በብር የሚከፈለውን ለዩ። ለቀረው ቅድመ ክፍያ ካርድ በትክክለኛው መጠን ይሞላ፤ ክፍያዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠቃለው ቢፈጸሙ የመሙያ ወጪ አይደጋገምም። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቅጽ ማስሞላት ይቻላል፤ ካርዱን ግን በራስ ስልክ መጠቀም ይሻላል።

ከታሰበው በላይ ከተቆረጠ

መጀመሪያ መዝገቡ ላይ "በመጠባበቅ ላይ" የሚል እንደሆነ ይዩ። ሁለት ጊዜ የተቆረጠ የሚመስል ክፍያ ብዙ ጊዜ አንዱ ተይዞ ያለ ብቻ ነው፤ ከቀናት በኋላ ይለቀቃል። በአንድ ሳምንት ካልተለቀቀ ለካርዱ ባንክ ያመልክቱ፤ ለኤምባሲው መጻፍ ጊዜ መፍጀት ነው፣ የባንኩን ጭማሪ እሱ አያየውም። የሚያስፈልጉት የክፍያ ገጹ ስክሪንሾት፣ ደረሰኙ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተቆረጠው መጠን ናቸው። ሳይጠየቁ በሌላ ገንዘብ ተመንዝሮ ከሆነ ያንኑ በግልጽ ይጻፉ፤ የካርድ ድርጅቶቹ ለዚህ ለብቻው የሚታይ የቅሬታ ምክንያት አላቸው።

ካርዱ አሜሪካ ያለ ዘመድ ካርድ ከሆነ የአገሩ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ስሕተት የሚሰጠው ጊዜ መግለጫው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ቅሬታውም በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ክፍያው እንደተፈጸመ በነጋታው ሳይሆን የወሩ መግለጫ ሲወጣ ዘመድዎ የተቆረጠውን መስመር ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ዋናው ክፍያና የውጭ ግብይት ክፍያው ብዙ ጊዜ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ነው የሚጻፉት፤ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።